አፍንጫውን ከመያዛችሁ በፊት

(ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ ውስጥ በወላጆች የእሑድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ነው የተጻፈው። እንደተነገረ ይሁን ብዬ ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ? … አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ? እሰይ፣ አሁን ገና ተሰማኝ።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በሩ አጠገብ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ማንም አይበላችሁም፣ ኑ ቁጭ በሉ። ልጆቻችንን ታች ይዘውልን ላሉት ወጣቶች ምስጋናዬ ትልቅ ነው። እነሱ ባይኖሩ እኔም እዚህ አልቆምም፣ እናንተም እዚያ አትቀመጡም ነበር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችሁ እዚያው ሙያ ላይ ስላላችሁ ታውቁታላችሁ። በኮሮና ጊዜ የጠዋት ሥራችን ምን ነበር? አፍንጫ! የጥጥ እንጨት አስገብቶ ለምርመራ መጥረግ። ስገባ የራሴን አፍንጫ፣ ከዚያ የባልደረቦቼን፣ ከዚያ የአረጋውያኑን። አንዳንድ ቀን ሃያ አፍንጫ። እጄ ቀላል ነው ይሉኛል። አንዲት የዘጠና ዓመት ባልቴት «አንቺ ስትነኪኝ አይታወቀኝም» ብለውኛል። እና እኔ፣ ያን ሁሉ አፍንጫ ያሳለፍኩት ሴትዮ፣ በአንድ የሰባት ዓመት ልጅ አፍንጫ ተሸነፍኩ። በገዛ ልጄ።

(ሳቅ)

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም አሁን እስቃለሁ። ያኔ ግን አልሳቅሁም።

ዛሬ ሦስት ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ያቺ ቀጭን የጥጥ እንጨት ስሜቱ ስስ ለሆነ ልጅ ምን ማለት እንደሆነች። ሁለተኛ፣ ምርመራ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ። ሦስተኛ፣ «እሺ» ወይም «እምቢ» ከማለታችን በፊት ምን መጠየቅ እንዳለብን። ቁጥሩን ከረሳሁት አስታውሱኝ። ወሬ ሲጥመኝ መንገድ እስታለሁ።

«ኮሮና እኮ አልፏል፣ ምን አመጣው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል ያለው በ2023 ሜይ ላይ ነው። እንጨቷ ግን አልሄደችም። ዛሬም ልጃችሁ አተኩሶት ሐኪም ዘንድ ብትወስዱት ኢንፍሉዌንዛ እንደሆነ፣ አር ኤስ ቪ የሚባለው የመተንፈሻ አካል ቫይረስ እንደሆነ፣ ኮቪድ እንደሆነ ለማየት ያችው እንጨት ትመጣለች። ጉሮሮው ከቀላም ትመጣለች። የጉሮሮው ነገር ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ፍለጋ ነው፣ ለልጁ ግን ልዩነቱ ምንድን ነው? እንጨት እንጨት ነው።

እሺ፣ አንደኛው።

በፈረንጆቹ 2021 ኤፕሪል ላይ፣ ፋሲካ አካባቢ፣ እዚህ ኖርድራይን ቬስትፋለን፣ ኮሎኝ ያለችበት ክፍለ ሀገር ውስጥ ሕግ ወጣ። ልጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ ካልተመረመረ ክፍል አይገባም ተባለ። ከኤፕሪል 12 ጀምሮ። አስታወሳችሁ? ልጆቹ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ራሳቸው አፍንጫቸውን እየጠረጉ ነበር የሚመረምሩት። ትምህርት ቤት ያልሆነለት፣ ከ48 ሰዓት ያላለፈው ወረቀት ከመመርመሪያ ጣቢያ ያምጣ ተባለ። የኔ ልጅ ኦቲዝም አለበት። ንግግሩ ትንሽ ነው፣ ጆሮው፣ ቆዳው፣ ምላሱ ግን የሌሎቻችንን አሥር እጥፍ ነው የሚሰማው። አስተማሪዋ ሞከረች። ጠረጴዛ ሥር ገባ። «እማማ፣ እባክሽ ወረቀት ይዘሽልን ነይ» አለችኝ። በጀርመንኛ ማለቷ ነው።

ይዤው ሄድኩ። አንድ የመኪና ማቆሚያ ላይ የተተከለ ድንኳን ነበር። ጣቢያውን አልጠራውም፣ ያን ጊዜ በየመንገዱ ነበር። ሰማያዊ የላስቲክ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ፊቱ ላይ ማስክ፣ ማስኩ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ መከለያ። ኋላችን ረጅም ሰልፍ። ልጄ ገና ጓንቱ ጧ ሲል ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው። ሰውየው ምን አለኝ? «ያዢው።» ብቻ። «ያዢው።»

ያዝኩት። ጭንቅላቱን ብብቴ ሥር አድርጌ፣ ሁለት እጁን በአንድ እጄ ጠርንፌ ያዝኩት። ሥራ ላይ እንዲህ ሰው ብይዝ እባረራለሁ። ልጄ ላይ ግን አደረግኩት። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰውየው ቸኩሏል፣ እኔ አፍሬያለሁ። ሐበሻ እናት ሰው ፊት ልጇ ሲጮህ ምን እንደምትሆን ታውቃላችሁ። የጨነቀ ዕለት እርጉዝ ያገቧል ይባል የለ? ያ ጩኸት አሁንም ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

ውጤቱ ኔጌቲቭ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ያ ወረቀት ለ48 ሰዓት ነው የሚያገለግለው። ልጄ ደግሞ ፊቱን መልሶ ያስነካኝ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። አምስት ሳምንት! ፊቱን አላጠብኩትም፣ ቅባት አልቀባሁትም። ጥርስ ብሩሽ ሳነሳ መታጠቢያ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ማታ ማታ ግንባሩን ስሜው ነበር የሚተኛው። እሱም ቀረ። ወገኖቼ፣ ወረቀቱ ስንት አወጣ ብላችሁ አስቡት።

እናቴ በስልክ ሰማችና ምን አለችኝ? «አንቺንስ አፍንጫሽን ይዤ አይደል የጉሎ ዘይት ያጠጣሁሽ? ምን ሆንሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ያደግነው ተይዘን ነው። ክትባት ተይዘን፣ መድኃኒት ተይዘን። ያም ቢሆን አድገናል። ግን ያ ነገር እኔን ለአንድ ሰዓት ነው ያስለቀሰኝ፣ ከዚያ ከረሜላ ተሰጥቶኝ ረሳሁት። የኔ ልጅ አይረሳም። ለምን አይረሳም? ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ።

የልጄ የኤርጎ ባለሙያ፣ ኤርጎቴራፒ የምንለውን፣ ልጅ የዕለት ተዕለት ነገሩን ራሱ እንዲችል የሚያለማምደውን ሕክምና የምትሠራው፣ አንድ ቀን ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። አምስት የስሜት ሕዋሳት ብለን ነው የተማርነው አይደል? ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስ፣ ቆዳ። ሌላ ሦስት አለ አለችኝ። ሚዛን አለ። ክንድና እግሬ የት እንዳለ ሳላይ የማውቅበት የጡንቻና የመገጣጠሚያ ስሜት አለ። ሆዴ ራበኝ፣ ፊኛዬ ሞላ፣ ትኩሳት አለኝ የምልበት የውስጥ ስሜት አለ። ጂን አየርስ የምትባል አሜሪካዊት የዚሁ ሙያ ሰው ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስተማረችው፣ አንጎል እነዚህን ሁሉ አቀናጅቶ ካልተቀበለ ልጁ ባለጌ የሆነ ይመስላል የሚል ነው። ይመስላል! የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በፈረንጆቹ 2013 የኦቲዝም መመዘኛውን ሲያሻሽል፣ ለድምፅ፣ ለንክኪ፣ ለሽታ ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች መንቃትን እንደ አንድ ምልክት አስገብቶታል። ስለዚህ «ቅብጠት ነው»፣ «አበላሽተሽው ነው» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ይሄን ንገሩት። ወይም ዝም በሉት፣ እንደ ጉልበታችሁ።

እና ደግሞ አንድ ነገር። ቀላል ንክኪና ጠንካራ ንክኪ አንድ አይደሉም። በጣት ጫፍ ሲነኩት የሚጮህ ልጅ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ ስታቅፉት ሊረጋጋ ይችላል። እንደ ላባ የሚነካው ነው የሚያስደነግጠው። ዝንብ ክንዳችሁ ላይ ስታርፍ እንዴት ትዘላላችሁ? አሁን ያቺ ዝንብ አፍንጫችሁ ውስጥ ገባች በሉ። እዚያ ውስጥ ያለው ነርቭ ለማንኛችንም ስስ ነው፣ እንባ የሚያመጣው፣ የሚያስነጥሰው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ማሸጊያው ሲቀደድ የሚንኮሻኮሸው ድምፅ አለ፣ የአልኮሉ ሽታ አለ፣ ከላይ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት አለ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው አለ። ልጁ እንጨቷ ሳትነካው በፊት ሞልቶ ፈሷል። እኛ የምናየው እንጨቷን ብቻ ነው።

ሁለተኛው። የቱ ጋ ነበርን? አዎ፣ ምርመራ ሁሉ አንድ አይደለም።

እኔ ራሴ ይሄን ማወቅ የነበረብኝ ሰው ነኝ። በየቀኑ የምሠራውን ሥራ ልጄ ላይ ሲመጣ ረሳሁት። አንደኛው ዓይነት እንጨቷ በአፍንጫ ገብታ ጉሮሮ ጀርባ ድረስ የምትደርስበት ነው። አንጎሌ ተነካ የምትሉት እሱ ነው። አንጎል አይነካም፣ ግን ያስለቅሳል። ሁለተኛው አፍንጫ ደጃፍ ላይ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ገብቶ፣ ዙሪያውን ጠረግ ጠረግ ተደርጎ የሚወጣው ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የጉሮሮው አለ፣ ማቅለሽለሽ ቶሎ ለሚመጣበት ልጅ መከራ ነው። የምራቅ አለ፣ ቱቦ ውስጥ መትፋት ነው። ይሄ ቀላል ይመስላል። ለመትፋት ግን ከንፈርና ምላስ መታዘዝ አለባቸው፣ አንዳንዱ ልጅ ቱፍ ማለት አያውቅም። የኔ ልጅ ይውጠው ነበር። ደግሞ ከዚያ በፊት ለግማሽ ሰዓት መብላት መጠጣት የለም። ለሱ ይሄ ሌላ ጦርነት ነው።

እና መጨረሻ ላይ ሎሊ መጣ። እጅ እዩልኝ፣ ሎሊ ቴስትን የሚያስታውስ? ኦሆ፣ ሁላችሁም!

እዚሁ ኮሎኝ፣ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሠራበት ዘዴ ነው። ከ2021 ሜይ 10 ጀምሮ በክፍለ ሀገሩ የአንደኛ ደረጃና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤቶች፣ ፎርደርሹሌ በምንላቸው፣ ገባ። ከ700,000 በላይ ልጆች። ልጁ የጥጥ እንጨቷን እንደ ከረሜላ ለ30 ሰከንድ ይመጥጣት ነበር። የክፍሉ ሁሉ እንጨት አንድ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ በአንድ ላይ ፒ ሲ አር በሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ይመረመራል። ኔጌቲቭ ከሆነ ማንም አይደወልለትም። ፖዘቲቭ ከሆነ ሁሉም ቤቱ ይቀራል፣ ከመካከላቸው ማን እንደሆነ ለማወቅ ለብቻ ለብቻ ይመረመራል።

ያንን መልእክት የምታስታውሱ እናቶች አላችሁ። እኔ ጋ አንድ ጊዜ ንጋት ላይ መጣ። ገና ስድስት ሰዓት አልሆነም፣ በፈረንጅ ሰዓት። ምሳውን ቋጥሬያለሁ፣ ቦርሳው በር ላይ ነው፣ እሱ ጫማውን አድርጎ ቆሟል። ለሱ ጫማ ማለት ትምህርት ቤት ማለት ነው። ጫማ ተደርጎ ቤት መቅረት የሚባል ነገር እሱ ዓለም ላይ የለም። ምን አደረግኩ? ጫማውን እንዳደረገ ናሙናውን ወሰድን፣ እንዳደረገ ይዘነው ሄደን በር ላይ ሰጠን፣ እንዳደረገ ተመለስን። ሶፋ ላይም በጫማ ተቀመጠ። ያን ቀን ሶፋው ይበላሽ አልኩ።

ግን መጀመሪያ ሎሊን እንዴት ተቀበለ? አልተቀበለም። የመጀመሪያ ቀን እንጨቷን ነክሶ ሰበራት። ሁለተኛ ቀን ጥጡን ምላሱ ላይ ሲነካው ፊቱን አጨማዶ ተፋት። ጥጥ ደረቅ ነው፣ ምላስ ላይ ይጣበቃል። አስተማሪዋ፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ የአሸዋ ሰዓት አመጣች። ያቺ አሸዋ ከላይ ወደ ታች የምትፈስሰው። ልጄ አሸዋዋን እያየ አፉን ከፍቶ ይቀራል። እሷ እንጨቷን ሰጠችው እንጂ አፉ ውስጥ አላስገባችም። ራሱ አስገባ። አሸዋዋ አለቀች፣ ራሱ አወጣ። አበቃ። እኔ መኪና ማቆሚያ ላይ በጉልበት ያገኘሁትን፣ እሷ በአንድ የአሸዋ ሰዓት አገኘችው።

ለሁሉም ሎሊ ይሻላል እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ያለች አንዲት ጓደኛዬ ልጇ ጥጥ አፏ ውስጥ ከሚገባ አፍንጫዋ ይጠረግ ትላለች። ልጅ ይለያያል። በዚያ ላይ ሎሊው ጥሩ የሆነው ፒ ሲ አር ስለነበረ ነው። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው የምራቅ ፈጣን መመርመሪያ ብዙ ያመልጠዋል። ላቦራቶሪዎቹም በ2022 መጀመሪያ ላይ ኦሚክሮን የሚባለው የኮሮና ዝርያ ሲያጥለቀልቃቸው አልቻሉም፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ አንደኛ ደረጃዎቹ ወደ ቤት ፈጣን ምርመራ ተመለሱ። ጥሩ ነገር አይበረክትም ልል አልኩና ተውኩት።

አሁን ሦስተኛው። ጋሼ፣ እጅዎን አይቻለሁ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ እርስዎን ነው።

ባለቤቴ፣ እዚያ ጥግ ተቀምጧል፣ ያኔ ከድንኳኑ በኋላ ምን አለ? «አይመርመር። ቤት ይዋል።» እኔ ደግሞ «ትምህርት ቤት ይሂድ» አልኩ። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። አባቶች፣ ባለቤቴ ለልጁ አዝኖ ነው። ልክ ነበር። እኔም ልክ ነበርኩ። ሁለታችንም የተሳሳተ ጥያቄ ላይ ነበርን የተጣላነው።

እስቲ ላስረዳ። «ቤት ይዋል» ቀላል ቃል ናት። በ2020 ማርች 16፣ በኛ መጋቢት 7 ቀን 2012፣ እዚህም ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ አገር ቤትም እንዲዘጋ የታወጀው በዚያው ዕለት ነው። ያ ሰኞ ይታወሳችኋል? ልጄ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሽንት ቤት መጠቀም ረሳ። የነበሩትን ጥቂት ቃላት ተወ። ለሱ ትምህርት ቤት ማለት ሰዓቱን የሚይዝለት ግድግዳ ነው። እና ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ይሄን ለኛ ለሐበሾች ነው የምለው። እኛ የመጣነው እንዲህ ዓይነት ልጅ ጓዳ ከሚደበቅበት አገር ነው። እንግዳ ሲመጣ በር የሚዘጋበት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው በፈረንጆቹ 2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ሲከፍቱ፣ ትልቁ ሥራቸው እናቶች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ ማድረግ ነበር። ልጆቹ መኖራቸውን ጎረቤት እንኳ አያውቅም ነበር። እና እኔ «ቤት ይዋል» ስባል የምሰማው ያንን የጓዳ በር ነው። ባለቤቴ ያን ማለቱ አልነበረም። እኔ ግን እሱን ነው የሰማሁት።

ታዲያ ትክክለኛው ጥያቄ ምን ነበር? አሁን ለሁሉም ሐኪም፣ ለሁሉም አስተማሪ የምጠይቀው ይሄን ነው። ውጤቱ ምን ይለውጣል? ፖዘቲቭ ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ፣ ኔጌቲቭ ቢሆንስ? መልሱ «ያው ነው» ከሆነ፣ የልጄን አፍንጫ ለምን እከፍታለሁ? መልሱ «መድኃኒት እንሰጠዋለን»፣ «አያቱ ቤት አይሄድም»፣ «ክፍል ይገባል» ከሆነ ደግሞ ምክንያት አለው። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፣ በምን ይወሰድ? ማን ይውሰደው? ራሱ መውሰድ ይችላል? እኔ ልውሰድለት? የት? ጫጫታ የሌለበት ክፍል አለ? ሰልፍ ሳይኖር ጠዋት መጀመሪያ ልንገባ እንችላለን? ይሄን መጠየቅ ነውር አይደለም። ደጋግሜ እላለሁ፣ ነውር አይደለም! ፈረንጅ ፊት ላለመጠየቅ ልጃችንን የያዝን እኛ ነን።

አሁን ደግሞ በሌላው በኩል ልናገር፣ «ምርመራ ይቅር» ብዬ እንደመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ያንን የውስጥ ስሜት አስታወሳችሁ? ራበኝ፣ አተኮሰኝ የሚያሰኘው? ልጄ እሱ ላይ ደካማ ነው። አንድ ጊዜ 39.5 ትኩሳት ይዞ ትራምፖሊን ላይ ሲዘል ነው የያዝኩት። ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ አያውቅም። እንግዲህ ተመልከቱ፣ ምርመራውን የማይችለው ልጅ ራሱ ነው ብዙ ጊዜ መታመሙን የማይነግረን። ሌላው ልጅ ይናገራል፣ የኛን የሚናገርለት እንጨቷ ናት። ያ ነው የሚያስጨንቀው። ልቡ ላይ ወይም ሳንባው ላይ ችግር ያለበት ልጅ ያላችሁ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለው ልጅ ያላችሁ፣ እነዚህ ልጆች በኮቪድ ክፉኛ የመታመም ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ለእናንተ ሚዛኑ ሌላ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ልጁ መተንፈስ አቅቶት ሐኪሙ አሁን ማወቅ አለብኝ ካለ ደግሞ፣ እኔም እይዘዋለሁ፣ አልከራከርም። ያ ሌላ ቀን ነው። የመኪና ማቆሚያው ቀን ግን እንደዚያ አልነበረም።

ስለ ልምምዱ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ፣ ቡናው እየሸተተኝ ነው።

ሳይታመም ነው የሚለማመደው። ይሄን ያዙልኝ። ሳይታመም። እኛ የጆሮ ጥጥ ገዛን። መጀመሪያ እሱ እኔን መረመረኝ፣ ከዚያ አባቱን፣ ከዚያ አሻንጉሊት ዝሆኑን። የዝሆኑ ኩምቢ ረጅም ስለሆነ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ የራሱ እጅ ላይ፣ ሌላ ቀን ጉንጩ ላይ፣ ሌላ ቀን ከንፈሩ ላይ፣ ሌላ ቀን የአፍንጫው ጫፍ ላይ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። እስከ አሥር በአማርኛ እንቆጥራለን፣ አሥር ስንል ያበቃል። አሥራ አንድ የለም! አንድ ቀን አሥራ አንድ ካላችሁ ሁለተኛ አያምናችሁም። መዳፉን ወደ ፊት ካነሳ ደግሞ አቁሙ ማለት ነው፣ ሁላችንም እናቆማለን፣ ሰባት ላይ ብንሆንም። «ምንም አይልም» ብዬ ዋሽቼው አላውቅም፣ «ይኮረኩራል፣ ያስነጥሳል» ነው የምለው።

እና ጋቢ! እዚህ ከባድ ብርድ ልብስ ብለው በመቶ ምናምን ዩሮ ይሸጣሉ፣ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ የሚሆን። እኔ እናቴ የላከችልኝ አራት ድርብ ጋቢ አለኝ። ትከሻው ላይ ጥብቅ አድርጌ እደርብለታለሁ፣ ሲፈልግ ጥሎት ይወጣል። እጁን ለማሰር አይደለም፣ ያ ከሆነ ያው ድንኳኑ ነው። ክብደቱ ነው የሚያረጋጋው። እናቴ ይሄን ስነግራት «አየሽ፣ ፈረንጅ ሳይማር እኛ እናውቀው ነበር» አለች። የጉሎ ዘይቱን ጉዳይ ግን አላነሳችም።

(ሳቅ)

ለትምህርት ቤቱ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት መስመር። ልጄ በማንም አይያዝም። እንጨቷን ራሱ ነው የሚይዘው። መዳፉን ካነሳ ይቆማል። ካልሆነ ይደወልልኝ፣ እኔ እመጣለሁ። ጀርመንኛዬን ሊጎረምስ የደረሰ የእህቴ ልጅ አረመልኝ። የሕፃናት ሐኪሙ ከሥሩ ፈረመበት። የሐኪም ፊርማ እዚህ አገር ምን ያህል እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ የተከራከረኝ ሰው የለም። ቅጂ የምትፈልጉ ከቡናው በኋላ ያዙኝ፣ ስልካችሁ ላይ እልክላችኋለሁ። ስሙን ብቻ ቀይሩ፣ አንዷ ሳትቀይር ሰጥታ የሷ ልጅ በኔ ልጅ ስም ተመዝግቧል።

እንግዲህ የመጨረሻዋን ልንገራችሁና ልውረድ።

አሁን ልጄ አሥራ ሁለት ሊሞላው ነው። ባለፈው ክረምት ሦስት ቀን አተኮሰው፣ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ መሳቢያውን ከፍቶ እንጨቷን አወጣ። ማሸጊያዋ ተንኮሻኮሸች። ልጄ መዳፉን አነሳ። እኔ ቀልጠፍ ብዬ «ይቁም» አልኩ። ሐኪሙ ቆመ። ጥያቄዬን ጠየቅሁት፣ ውጤቱ ምን ይለውጣል? ትንሽ አሰበ። «እውነቱን ለመናገር ምንም። ፈሳሽ ይጠጣ፣ ይተኛ፣ ትንፋሹ ካስቸገረው ኑ» አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ኩራቴን ብታዩ! ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ዛሬ ሠራ እያልኩ ነበር።

ትራም ላይ ቁጭ ብለናል። ልጄ መስኮቱን እያየ ዝም ብሏል። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ መዳፉን እንደገና አነሳና አሳየኝ። «አቁሙ አላልኩም» አለኝ። «ስጡኝ ነው ያልኩት። እንጨቱን። እኔ ራሴ ልሠራው ነበር።»

እስኪ ጋሼ፣ አሁን ይጠይቁ። ቡናውም ደርሷል መሰለኝ።